«ነግሬዋለሁ፤ አይነካም»

መሣሪያ ባለበት ቤት ሁሉ የማይጠፋ አንድ መልስ አለ። ክላሹ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ሽጉጡ ትራስ ሥር ተሸጉጦ ያየ እንግዳ «ልጆቹስ?» ቢል፣ አባወራው «ነግሬዋለሁ፤ አይነካም» ይላል። ጠንቃቃ ነኝ ባዩ ደግሞ «ያስቀመጥኩበትንም አያውቅ» ብሎ ያክልበታል። በሁለቱም ውስጥ የወላጅ ኩራት አለ፤ ልጄን ቀጥቼ አሳድጌዋለሁ ማለት ናቸውና። ኩራቱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የሕፃን ነፍስ በዚያ ኩራት ላይ ብቻ መንጠልጠሏ ነው። ልጅ አባቱ ፊት «እሺ» የሚለው ከልቡ ነው፤ ቤቱ ጭር ሲል እጁ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ይህ ደግሞ ተፈትኖ የታየ ነገር ነው።

ፈተናው የተካሄደው የግል መሣሪያ በሞላባት አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለንባብ የበቃ አንድ የአትላንታ ጥናት ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን 64 ወንዶች ልጆች ሁለትም ሦስትም እያደረገ አንድ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻቸውን ተዋቸው። መሳቢያዎቹ ውስጥ ሁለት የውሃ መርጫ መጫወቻዎችና አንድ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ተቀምጠው ነበር፤ አጥኚዎቹ ከመስተዋት ጀርባ ሆነው ያያሉ። እውነተኛውን 48 ልጆች አገኙት። ከእነሱ 30ዎቹ አነሱት፤ 16ቱ ቃታውን ሳቡ። ካገኙት መካከል ግማሽ ያህሉ መጫወቻ ይሁን እውነተኛ አልለዩም። እዚህ ላይ «ነግሬዋለሁ» ባዩን ቆም ሊያደርገው የሚገባው ሌላው ውጤት ነው፦ ሽጉጡን ካነሱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። «አያውቅም» የሚለውም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአላባማ ገጠር ጥናት፣ ወላጆቻቸው «መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ አያውቁም» ካሏቸው ልጆች 39 በመቶው ቦታውን በትክክል እንደሚያውቁ አሳየ። «ነክቶ አያውቅም» ከተባሉት ደግሞ 22 በመቶው ነክቼ አውቃለሁ ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ልጅ ከአልጋ ሥርም ከቁም ሣጥን ራስም የማያውቀው ጉድጓድ የለም። «ጣቱ ቃታ አይስብም» ብሎ መጽናናትም አያዋጣም፤ የልጆችን የጣት ጉልበት የለካ ጥናት ከ5 እስከ 6 ዓመት ካሉት 70 በመቶው አብዛኛውን ሽጉጥ በሁለት ጣት መተኮስ እንደሚችሉ አግኝቷል።

«ይህ የፈረንጅ ልጅ ነገር ነው፤ የእኛ ልጅ ከመሣሪያ ጋር ያደገ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አያጠራጥርም። የአላባማው ገጠር ልጅም ከመሣሪያ ጋር ነው ያደገው። ከዚህ አልፎ፣ አብሮ ማደግ ምን ያስተምራል? በሠርግና በጥምቀት ተኩስ ይሰማል፤ በቀረርቶው በፉከራው ጀግና ከነመሣሪያው ሲወደስ ያዳምጣል፤ ከብት ሲጠብቅ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ያነግታል። ሀገር ምድሩ የሚያወድሰውን ዕቃ «አትንካ» ማለት ጉጉቱን አያበርደውም። መልመድ ፍርሃትን ይቀንሳል እንጂ ማስተዋልን አይጨምርም። ፍርሃቱ የቀነሰ የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አያሰጋም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ተገቢ ክብደትም ሊሰጠው ይገባል። «ዘመኑ ክፉ ነው፤ ሌሊት በር ሲሰበር ቁልፍ ልፈልግ?» ይላሉ። ግጭት በሰነበተበት ወረዳ ለሚኖር ሰው ይህን እንደ ሰበብ መቁጠር ግፍ ነው። ግን መሣሪያው በባለቤቱ ትከሻ ላይ ሲሆን ማንም ቆልፈው አላለውም። ልጅ የሚያነሣው አባት ገበያ ሲወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስም፣ እንቅልፍ ሲወስደው ትቶት ሲዞር ነው። የጠላት ሌሊት ይመጣል ወይም አይመጣም፤ ልጁ ግን ቤቱ ውስጥ አለ፣ በየቀኑ። ቁልፍ በመክፈት የሚጠፉት ጥቂት ሰኮንዶች ዋጋ አላቸው፤ ያን ዋጋ ሳይደብቁ መክፈል ይሻላል።

ባዶ ነው የሚባለው መሣሪያም ሌላ ወጥመድ ነው። ብዙው ሰው ክላሽ ባዶ ሆነ የሚለው ካዝናው ሲወጣ ነው። ቀድሞ የጎረሰች አንዲት ጥይት ግን ካዝናው ከወጣም በኋላ እዚያው ናት፤ ቃታ ከተሳበ ትተኩሳለች። ስለዚህ መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ቀጥሎ መቀባበያውን እስከ መጨረሻው ስቦ የጎረሰችውን ማስወጣት፣ ከዚያ ጥይት መጉረሻውን በዓይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነም በጣት መዳሰስ ነው። ካዝናው ቀድሞ ካልወጣ ስቦ መልቀቁ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። በሴፍቲው መተማመንም አያዛልቅም። በቀኝ ጎኑ ያለችው ማንሻ ወደ ላይ ስትሆን ዘጋች ማለት ነው፤ ልጅ ወደ ታች ከገፋት ግን ቀድማ የምትደርሰው አንድ በአንድ ከሚተኩሰው ሳይሆን ከአውቶማቲኩ ላይ ነው።

«ካዝና ያለው ባንክ ነው፤ ድሃ በምን ይቆልፋል?» ላለም መልሱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መሣሪያን መቆለፍ፣ ጥይቱን ማውጣት፣ ጥይቱን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጥይቱንም መቆለፍ እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ ጉዳት መቀነስ ጋር ተያይዘው አግኝቷቸዋል። ከአራቱ ሁለቱ ሳንቲም አይጠይቁም። ለቀሩት የቆርቆሮ ሣጥንና ጓጉንቸር ይበቃል። ሣጥን ከጠፋ፣ ሰንሰለት በካዝናው ጉድጓድ አስገብቶ ቀለህ በሚወጣበት አሳልፎ መቆለፍ ክላሹ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ቁልፉ ግን ከሣጥኑ ራስ ላይ ሳይሆን ከባለቤቱ አንገት ይዋል።

ልጅ በመሣሪያ ሲሞት ጎረቤት «ክፉ ቀን ነው» ብሎ ያጽናናል፤ ለቅሶ ቤት ይህን ማለቱ ደግ ነው። ሕጉም የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ የሚቀጣውም ልጁን የቀበረ አባት ሊሆን ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያን መመዝገብና ፈቃድ መስጠት የመንግሥት ሥራ ነው። መዝጋቢው ሹም ቁጥሩን ሲጽፍ ሁለት ጥያቄ ይጨምርበት፦ ቤትህ ልጅ አለ? ስትተኛ የት ትቆልፈዋለህ? «ነግሬዋለሁ» ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሆኖ አይመዝገብ።