ለማን ነው የሚጠራው?

እኛ ጌም ወዳጆች ቻዮች ነን። ኅዳር 2004 ዓ.ም. «ስካይሪም» ሲወጣ ግዙፉ ፍጥረት በዱላው አንዴ ሲመታን ሰማይ ጥግ እንወነጨፍ ነበር። ተናደድን? ኧረ የለም! ጓደኛ ጠርተን አሳየን እንጂ። ዓለሙ ሰፊ ነው፣ ትንሽ ቢወላገድ ምን አለበት ብለን አለፍነው።

ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. «ሳይበርፐንክ 2077» ሲመጣ ግን ትዕግሥት አለቀ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እየደጋገመ ይዘጋ ስለነበር ሶኒ በሳምንቱ ገደማ ከመደብሩ አወረደው፤ ለገዢዎችም ገንዘባችሁን እመልሳለሁ አለ። ሰኔ ላይ ተጠጋግኖ ተመለሰ፣ ቀስ በቀስም ተወደደ። ካልደፈረሰ አይጠራም ይሉ የለ?

ጥያቄያችን ግን ለማን ነው የሚጠራው ነው። ጥገናው በኢንተርኔት የሚወርድ፣ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። አጅባር ወይም መካነ ሰላም ላይ ኮኔክሽን የሌለው ልጅ ጌሙን ከነመጀመሪያ ቀን ጉድለቱ ይዞት ይኖራል። «ኮፒ ስለሆነ ነው» እንዳትሉን፤ ዋናውን ዲስክ ለገዛም ያው ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይማ ጥገና ቀርቶ የቴሌግራም መልእክትም አልገባ አለ።

መታገስ ምርጫ ላለው ነው። ምርጫ የሌለው ታገሰ አይባልም፣ ተቀበለ እንጂ። «በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚለው ቃል የተገባው ኢንተርኔት ላለው ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለው ጌም ብቻውን እስከ መጨረሻው የሚያጫውት ይሁን፤ ካልደረሰ ይቆይ። እኛ መጠበቅ እናውቅበታለን።