ስለ መኪና ቸርኬ ቀለም

ከጎባ ተነሥቶ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቴን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሪራ የሚወርድ ባለመኪና ቀለም ዕድሜ እንደማይኖረው ያውቃል። የመንገዱ ጠጠር የቸርኬውን ጠርዝ ይልጠዋል፤ ከሐረና ደን የሚወጣው ጉም የተላጠውን ያዝገዋል፤ የደጋው ፀሐይም ጥቁሩን የፕላስቲክ ጌጥ አመድ ያስመስለዋል። ስለዚህ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን የሚረጭ ቀለም ገዝቶ በገዛ ደጅ ማደስ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ድካሙ የሚበዛው ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ነው። ጭቃውና ቅባቱ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፤ ጎማውና ፍሬኑ በጋዜጣ ይሸፈኑ። ለብረቱ የዝገት መከላከያ፥ ለፕላስቲኩም ለእርሱ የተሠራው መነሻ ቀለም ይቅደም። ከዚያ ቆርቆሮውን በደንብ ወዝውዞ፥ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፥ ስስ ስስ አድርጎ መደራረብ ነው። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ሕፃናት ይራቁ። (የተሰጣ ልብስ ካለም አስቀድሞ ይነሣ፤ በዚህ ምክንያት ከእመቤት ጋር የተጣላ ሰው እናውቃለን።)

በሪራ ጉሙ ሳይገለጥ መርጨት ከንቱ ነው፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ብርዱን ሽሽት ቆርቆሮውን እሳት ዳር ማሞቅ ግን ከከንቱነት አልፎ አደጋ ነው። ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና፥ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ማቆየት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ጠብቀን እኛ የሳትነው በሌላ ነው። ውበት መስሎን የቸርኬውን ጀርባና ዳዶዎቹ የሚያርፉባቸውን ቀዳዳዎች ሳይቀር ደጋግመን ቀባናቸው። ሳነቴን ተሻግረን ወደ ሪራ ስንወርድ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀርከሃው ዘንድ ቆመን ብናይ፥ በቁልፍ አጥብቀናቸው የነበሩት ሁለት ዳዶዎች በጣት ይዞሩ ነበር። በብረትና በብረት መካከል የገባ ወፍራም ቀለም በጭነቱ እየተጨፈለቀና እየተፈረፈረ ሲሄድ የዳዶው ጥብቀት አብሮት ይላላል። ጥቂት ቆይተን ቢሆን ጎማው ቀድሞን ገደል በወረደ ነበር።

እዚያው ክሪክ አስገብተን ጎማዎቹን አንድ በአንድ አወጣን፤ ከጀርባቸውና ከቀዳዳዎቹ ያለውን ቀለም ፍቀን ብረቱን ራቁቱን አስቀረን፤ ዳዶዎቹንም በመስቀለኛ ተራ መልሰን አጠበቅን። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ቦታዎች ከመርጨታችን በፊት እንሸፍናቸዋለን፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳንም በኋላ ወርደን ዳዶዎቹን እንደገና በቁልፍ እንፈትሻለን።