የሰው አገር በርና የእኛ አለማወቅ

በማለዳ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚራመድ ሰው አንድ የታወቀ ትዕይንት አለ። የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ የወረቀት መያዣ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ወጣቶች በኤምባሲ አጥር ጥግ ቆመው ይታያሉ። ብዙዎቹ የእኛው ባልንጀሮች ናቸው። አንዳንዱ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ አንዳንዱ ለስብሰባ ተጋብዞ፣ አንዳንዱም ዘመድ ሊጠይቅ ነው። እኛም በጉለሌ የምንኖርና የምንማር ስለ ሆንን ይህን ሰልፍ ዘወትር እናየዋለን፤ ስላየነውም የምናውቀው ይመስለናል። ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣንም ይኸው «የምናውቀው ይመስለናል» የሚባለው በሽታ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ በሰርቢያ ለሚደረግ የተማሪዎች ስብሰባ ተጠራ። የሰርቢያን ቪዛ በብዙ ድካም አገኘ። ቲኬቱን ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ገዛለት። እናቱ ዳቦ ቆሎ ቋጠሩለት። ስምንት ሆነን እስከ አውሮፕላን ጣቢያ ሸኘነው። ሻንጣ በሚመዘንበት ጠረጴዛ ያለው ሠራተኛ ፓስፖርቱን አገላብጦ አየና «በፍራንክፈርት የሚያልፉበት ቪዛ የታለ?» ሲል ጠየቀው። ልጁም «እኔ ጀርመን አልገባም፤ አውሮፕላን ብቻ ነው የምቀይረው» ብሎ መለሰ። መልሱ እውነት ነበር፤ ግን አልጠቀመውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የቪዛ ሕግ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የ12 አገሮች ዜጎች ከአንድ አውሮፕላን ወርደው ሌላ ለመሳፈር ብቻ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ እንዲይዙ ይገደዳሉ። የአሜሪካን፣ የካናዳን ወይም የጃፓንን የጸና ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው፤ የሰርቢያን የያዘ ግን አይደለም። ወረቀቱ ያልተሟላ መንገደኛ ያደረሰ የአየር መንገድ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ መቀጫ ይከፍላል፤ ሰውየውንም ይዞ መመለስ ግዴታው ነው። ስለዚህ ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የማናውቀው እኛ ነበርን። ከሸኘነው ከስምንታችን ሁለቱ የሕግ ተማሪዎች መሆናቸውን ስንናገር እናፍራለን። ልጁን ይዘን ስንመለስ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

እንግዲህ አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነውና፣ እያንዳንዱ ተማሪ ሊያውቃቸው የሚገባውን ጥቂት ነገሮች እንጥቀስ።

በመጀመሪያ፣ ቪዛ በር ድረስ የሚያደርስ ወረቀት ነው እንጂ ራሱ በሩ አይደለም። ይኸው የአውሮፓ ሕግ ቪዛ መያዝ ብቻውን የመግባት መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። በድንበር ላይ ያለው ሹም የጥሪውን ደብዳቤ፣ የማደሪያውን አድራሻ፣ የመመለሻውን ቲኬትና የስንቁን ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። እነዚህን ከሻንጣው ጋር አስረክቦ ባዶ እጁን የሚቀርብ ሰው ራሱን ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ቪዛው የሚጸናበት ጊዜና በአገሩ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ የተለያዩ ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወር ብቻ የሚጸናና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንዲሆን ስትወስን፣ ብዙ ሰው «እንግዲህ ትምህርት በሦስት ወር ሊያልቅ ነው» ብሎ ደነገጠ። ሦስቱ ወር ግን የመግቢያ ቀነ ገደብ ነው፤ የመቆያውን ዘመን የሚወስነው በመግቢያው በር ላይ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ!

ሦስተኛ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ ጊዜያዊ ቪዛ ጠያቂን ሁሉ ማለት ይቻላል ሊቀር እንደሚመጣ ሰው ይቆጥረዋል፤ እንደማይቀር የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው በጠያቂው ላይ ነው። ቤት፣ ርስትና ደመወዝ የሌለው ተማሪ ምን ያስረዳል? ያለው ትምህርቱና ዕቅዱ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚማር፣ ለምን በዚያ እንደሚማርና ተመልሶ ምን እንደሚሠራ በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ሰው ገና አልተዘጋጀም። ደላላ የሸጠለትን የሐሰት የባንክ ወረቀት የሚያቀርብ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል። የደላላው ገበያ የእኛ አለማወቅ ነው።

አራተኛ፣ የአውሮፓ አገሮች ቪዛ ሲከለክሉ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለ። ብዙዎቻችን ግን ያን ወረቀት በንዴት ቀድደን እንጥለዋለን። የሚቀጥለው ሙከራ የሚጀመረው ከዚያ ወረቀት ነው።

ይህን ስንል የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። «በሩን የዘጉብን እነርሱ ሆነው ሳለ እኛ ለምን የመዝጊያቸውን ሕግ እናጠናለን? ውርደቱን ተማሩ ነውን የምትሉን?» ይሉናል። አነጋገራቸው ግማሽ እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ13ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ከማናቸውም አገር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በ32ኛው አንቀጽ ከአገር የመውጣትን ነጻነት ያረጋግጣል። ወደ ሰው አገር ስለ መግባት ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። መውጣት መብት፣ መግባት ግን የሌላው ፈቃድ ሆኖ ሲቀር፣ መሐል ላይ የሚቆመው ድኻው ነው።

ደግሞም ፍርዱ ሁልጊዜ በጠያቂው ጥፋት አይደለም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ በዚያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመረከብ ረገድ አልተባበረችም በማለት፣ የኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ተመላልሶ የሚያስገባውንም ቪዛ አስቀረ። በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ የአዋቂ ሰው የማመልከቻ ዋጋ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ፤ ለተከለከለም አይመለስም። በሁለት መንግሥታት ጠብ ተማሪው ተቀጣ። ይህን መቃወም ይገባናል። ነገር ግን የሚቃወሙትን ሕግ አለማንበብ ጀግንነት አይደለም።

የሰውን በር ከመውቀሳችን በፊትም የራሳችንን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚባል ስም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ተጉዘዋል፤ በኮልፌም የጦር ትምህርት ተምረዋል። ከጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች ሲደርሱ በአውሮፕላን ጣቢያው ቪዛ መስጠት ጀመረች። ይህ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2010 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የተቀበለው የነጻ ዝውውር ስምምነት በሥራ ላይ ሊውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ሲገባ፣ ዓመታት አልፈው ያጸደቁት አራት ብቻ ነበሩ። ከሌላ አገር መጥቶ አጠገባችን የተቀመጠውን ተማሪ «የመኖሪያ ፈቃድህን እንዴት ታሳድሳለህ? ምን እንርዳህ?» ብለን የጠየቅንስ ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ማኅበራችን ወደ ውጭ ሄደው የተመለሱትን ተማሪዎችና መምህራን እየጠራ በየወሩ አንድ ጉባኤ ያድርግ፤ የተከለከሉትም ወረቀታቸውን ይዘው ይምጡ፤ ከክልከላ የሚገኘው ትምህርት ከፈቃድ ከሚገኘው አያንስምና። የተከበሩ መምህሮቻችን የምስክርነት ደብዳቤ ስንጠይቃቸው፣ የኤምባሲው ቀጠሮ እንደማይጠብቀን አውቀው በጊዜ ይጻፉልን። የሕግ ተማሪዎችም የእነዚህን ሕጎች ዋና ዋና ነገር በአማርኛ ጽፈው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉልን።

ያ ባልንጀራችን ዘንድሮ እንደገና አመልክቷል። በዚህ ጊዜ የመሸጋገሪያውን ነገር የጠየቀው ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ነው። መልሱ ገና አልመጣም። ቢፈቀድለት ደስ ይለናል፤ ባይፈቀድለትም ምክንያቱን አብረን እናነባለን እንጂ እንደ አምናው ዝም ብለን አንመለስም።