የእንግዳው በጀት፣ የአክስቱ ዕቁብ

እኛ ድሬዎች እንግዳ እንወዳለን። ይህን አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው። ክረምት ገብቶ ዘመድ ከጂቡቲው፣ ከአረብ አገሩ፣ ከካናዳና ከአሜሪካው መምጣት ሲጀምር ከዚራም መጋላም ያለ ሠርግ ሠርግ ይሆናሉ። ዛሬ የምናነሳው እንግድነትን ለመንቀፍ አይደለም። ወር ሁለት ወር ሊከርም የሚመጣው ወገናችን የቀን ወጪውን ሲያሰላ ስለሚረሳት አንዲት መስመር ነው።

አንዲት እናት ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ከውጭ የመጣ የእህታቸውን ልጅ ለሁለት ወር አስተናገዱ። ልጁ ጨዋ ነው፤ አባካኝም አይደለም። እንዲያውም የቀን ወጪውን በስልኩ መዝግቦ ነው የመጣው። ለባጃጅ፣ ለምሳ ግብዣ፣ ለሐረር ጉዞ፣ ለማታ ጨዋታ ሁሉ በጀት ይዟል። ለአክስቱ ቤት ግን ምንም። ቤተሰብ ነዋ! እሱ በተሸኘ ማግስት እኚህ እናት ዕቁባቸው ቀድሞ እንዲወጣላቸው የዕቁቡን ዳኛ ሲለምኑ ሰማን። "ታዲያ ለምን አልነገሩትም?" ብንላቸው፣ "ልጆቼ፣ ከእንግዳ ገንዘብ ይጠየቃል እንዴ?" አሉን።

ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያስወጣው? የድሬን ሙቀት ያልለመደ ሰው ቬንትሌተሩ ቀን ከሌት ይዞርለታል። የቧንቧው ውሃ ስለሚከብደው የታሸገ ይገዛለታል። ጠዋት ፈጢራ በእንቁላልና በማር፣ ከሰዓት ሊጠይቁት ለሚመጡት ሁሉ ቡና። እያንዳንዷ ትንሽ ናት። ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ አይደል?

ደግሞ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ለእንግዳው አገሩ የረከሰችለት መሰለው። አክስቱ ግን የሚኖሩት በብር ነው፤ ዘይቱንም መድኃኒቱንም የሚገዙት በብር ነው።

እስቲ እናስላው። ለ60 ቀን 60,000 ብር ይዛችኋል እንበል። ብዙ ሰው ለ60 ያካፍልና "በቀን 1,000 ብር አለኝ" ይላል። እኛ የምንለው፣ መጀመሪያ አምስተኛውን፣ 12,000 ብሩን፣ ለሕመም፣ ለለቅሶና ለሠርግ ለዩት። የቀረው በቀን 800 ብር ነው። ከእሱ 300 ብሩ የምታርፉበት ቤት ይሁን፤ በሳምንት 2,100 ማለት ነው። በቀሪው 500 ብር ደግሞ እንደ ነዋሪ ኑሩ፦ ኮንትራት ባጃጅ ትታችሁ ከሰው ጋር ተሳፈሩ፣ ቀፊራ ገበያ በጠዋት ውረዱ፣ የቀትሩን ሙቀት እንደኛው ቤት ተኝታችሁ አሳልፉት።

"ዘመድን ሆቴል ልታደርጉት ነው?" የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ብር ማውጣት ካሳፈራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ዘይቱን፣ ስኳሩንና ውሃውን ገዝታችሁ ግቡ፤ የመብራቱንም ቢል ክፈሉ። ዋናው ጊዜው ነው። በሽኝት ቀን የሚሰጥ ፖስታ ምስጋና እንጂ እርዳታ አይሆንም፤ ብድሩ ከገባ ቆይቷል።

እኛ አስተናጋጆችስ? እኛም ጥፋት አለብን። ይሉኝታ ይዞን አንናገርም፤ ሲሄዱ ግን እናማለን። ከሐሜት ይልቅ "ልጄ፣ የዚህ ወር መብራት ያንተ ነው" ማለት አይሻልም? እንግዳው የሚመለስበት ቤት የሚኖረው ቤቱ ዕዳ ውስጥ ካልገባ ነው።

ቸር ይግጠመን!