በሥጋ ውስጥ ለተተከለ ራዲዮ ኃላፊው ማነው?

እጁ የተቆረጠ ሰው ጣቶቹን ለመጨበጥ ሲያስብ አንጎሉ ትእዛዝ መላኩን አይተውም። ትእዛዙ በነርቭ ወርዶ ከቀሩት ጡንቻዎች ይደርሳል፤ ጡንቻውም ሲኮማተር እጅግ አነስተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ያወጣል። ይህን ኃይል ከቆዳ ላይ ተቀብሎ ሰው ሠራሹን እጅ በሞተር የማንቀሳቀስ ዘዴ አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ ጀርመን አገር ተሞክሯል፤ በ1960 ገደማም የሞስኮ መሐንዲሶች ለአገልግሎት የሚበቃ እጅ ሠርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ዛሬ ያስቸገረው ቆዳው ነው። ሰውየው ሲያልበው ወይም ክንዱን ወደ ላይ ሲያነሣ መቀበያው ይንሸራተትና መልእክቱ ይበላሻል። ከዚህም በላይ በተለመደው አሠራር መቀበያዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለመክፈት፥ ሌላው ለመጨበጥ። የእጁን አንጓ ማዞር የፈለገ ሰው ሁለቱን ጡንቻዎች ባንድ ጊዜ አኮማትሮ መሣሪያውን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ማሻገር አለበት። አንድ ሲኒ ቡና ለማንሣት ይህን ያህል ስሌት! አያሌ ሰዎች በብዙ ገንዘብ የተገዛውን እጅ ቤት አስቀምጠው ያለ እርሱ መኖርን መምረጣቸው አያስደንቅም።

ስለዚህ አሜሪካውያን መሐንዲሶች መቀበያውን ከቆዳ በታች አወረዱት። ይህ ሴንሰር ርዝመቱ 16 ሚሊሜትር፥ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን በቀዶ ሕክምና ጡንቻው ውስጥ ይገባል። ባትሪ የለውም። የተቆረጠው ክንድ በሚገባበት ቀፎ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ በማግኔት አማካይነት ኃይል ይሰጠዋል፤ እርሱም ከጡንቻው ያዳመጠውን ያለ ገመድ ወደ ውጭ ይልካል። በ2019 የቪየና ሐኪሞች ከክርናቸው በላይ እጃቸውን ያጡ ሦስት ሰዎች በዚህ ዘዴ መጠቀማቸውን አስታውቀዋል። አስቀድመው የተቆረጡትን ነርቮች ወደ ሌሎች ጡንቻዎች አዛውረው ነበርና፥ ሰዎቹ ከቆዳ ላይ ሊገኙ የማይችሉ ብዙ ትእዛዞችን መስጠት ቻሉ።

ገመድ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ቆዳን በስቶ የሚወጣ ሽቦ ለበሽታ በር ይከፍታል። ስዊድናውያን ግን በጎተቦርግ ከአጥንት ጋር በተዋሐደ የቲታኒየም ምሰሶ ውስጥ ገመዱን አሳልፈው ከ2013 ጀምሮ ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ስለዚህ ገመድ አልባው መንገድ ብቸኛው ነው ማለት አይቻልም።

እኔ እንደሚመስለኝ ከባዱ ጥያቄ ከሐኪሙ ቢላዋ በኋላ የሚመጣው ነው። በሰውነት ውስጥ ያለ ራዲዮ እንደ ማንኛውም ራዲዮ መንግሥት የሚያስተዳድረውን የአየር ሞገድ ይፈልጋል። አሜሪካ በ1999 ከ402 እስከ 405 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ለተተከሉ የሕክምና መሣሪያዎች ፈቀደች፤ የማሠራጫው ኃይል ከ25 ማይክሮዋት፥ ማለትም ከአንድ ዋት 25 ሚሊዮንኛ እጅ፥ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን ሞገድ የአየር ጠባይ መርማሪዎች የሚለቋቸው ፊኛዎችም ይጠቀሙበታል።

ሞገድ ደግሞ በር የለውም። በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን የልብ ምት መቆጣጠሪያ በራዲዮ አማካይነት ካለ ፈቃድ ማዘዝ እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳዩ። በ2017 እዚያው አገር 465,000 ያህል የልብ መሣሪያዎች ለዚሁ ዓይነት ሥጋት ፕሮግራማቸው እንዲታደስ ተወሰነ። ሕፃን የታቀፈ ሰው ሠራሽ እጅ ባለቤቱ ያላዘዘውን ቢጨብጥ አደጋው ከዚህ ይቀላል ለማለት አልደፍርም።

ከዚህም የባሰ አለ። ሴኮንድ ሳይት የተባለው የካሊፎርንያ ኩባንያ ከ350 በሚበልጡ ዓይነ ስውሮች ዓይን ውስጥ በገመድ አልባ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ ካስተከለ በኋላ በ2019 መሣሪያውን መሥራት አቆመ። ሰዎቹ ጠጋኝ አጡ። የሰው ሠራሽ እጅም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ የሴንሰሩ የመገናኛ ደንብ የአንድ ፋብሪካ ምሥጢር ከሆነ፥ ሌላ ፋብሪካ የሠራው እጅ ከጡንቻው የሚመጣውን መልእክት ሊያነብ አይችልም። በ2023 በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ አምራቹ ከሽያጭ በኋላም የመሣሪያውን ደኅንነት እንዲከታተል ያስገድዳል። የግዴታው ተሸካሚ ግን አምራቹ ነው፤ አምራቹ ከተዘጋ ወዲያ ሰውየው ያለው ምርጫ ሴንሰሩን ዝም እንዳለ በጡንቻው ውስጥ መተው ወይም እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት ይሆናል።