ዕድልህ ሳይሆን ወንበርህ ነው!

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከፍቅርም ከትዳርም የራቀ ነው። የ23 ዓመቱ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ዘጠኝ ሆነው ፖከር ይጫወታሉ። ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ እሱ አንድም ቀን በልቶ አያውቅም። «ጥሩ ካርታ ይዤ ተበልቼ እነሳለሁ፣ እነሱ ምናምንቴ ይዘው ይበሉኛል። ያለፈው ቅዳሜማ ከእህቴ የተበደርኩትን ሁሉ አስረክቤ ወጣሁ። የተረገምኩ ይመስለኛል። ዕድሌን የሚመልስ ነገር ይኖር ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ ዕድል የሚመልስ ነገር እኔ ዘንድ የለም። ግን ደብዳቤህን ሁለቴ ሳነበው አንዲት መስመር ያዘችኝ። «ሁሌ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። በቀኜ ያለው ልጅ ዝምተኛ ነው፣ በግራዬ ያለው ግን ደፋር ነው፣ በየዙሩ ብር ይቆልላል» ብለሃል። አሃ! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራቸው። የምታወሩት ቴክሳስ ሆልደም ስለሚባለው ነው። ለያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍኖ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የሚሆኑ ሦስት ካርታዎች ይገለጣሉ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንድ። በየመሃሉ ብር ይያዛል። ተራው ወደ ግራ ይዞራል፣ ማለት እንደ ሰዓት እጅ። የአዳዩን ቦታ የሚያሳይ ክብ ምልክት አለ፤ በየጨዋታው አንድ ወንበር ወደ ግራ ይሄዳል። ከምልክቱ በስተግራ ያሉት ሁለቱ ካርታ ሳያዩ ብር የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፤ ትንሹና ትልቁ ብላይንድ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሦስቱ ካርታ ከተገለጠ በኋላ ባለምልክቱ እስካለ ድረስ ሁሌም መጨረሻ የሚናገረው እሱ ነው።

ታዲያ መጨረሻ መናገር ምን ይጠቅማል? መርካቶ ገብቶ ዋጋ የተከራከረ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ሻጩ «አንተ ጥራ» ይላል፣ ገዢው «ኧረ አንተ ጥራ» ይላል። መጀመሪያ የጠራ ሰው ልቡን አሳየ ማለት ነዋ! ፖከርም ያው ነው። ቀድሞህ የሚናገረው ሰው ወደደም ጠላም ወሬ ያቀብልሃል። ብር ጨመረ? ወይ ይዟል፣ ወይ ያስመስላል። አለፈ? ምናልባት ባዶ ነው። አንተ ይህን ሁሉ ሰምተህ ነው የምትወስነው።

በቁጥር ላሳይህ። አስና 10 ይዘሃል እንበል። መጀመሪያ ተናጋሪ ከሆንክ ከኋላህ ስምንት ሰው አለ። ከ20 አንዴ ብቻ የሚመጣ ዓይነት ከባድ ካርታ ከስምንቱ ቢያንስ በአንዱ እጅ የመገኘት ዕድሉ 34 ከመቶ ገደማ ነው። ምልክቱ አንተ ጋ ሆኖ ሌላው ሁሉ ጥሎ ከወጣ ግን የቀሩት ሁለቱ ብላይንዶች ብቻ ናቸው፤ ዕድሉም 10 ከመቶ አይሞላም። ካርታው ያው አስና 10 ነው። የተለወጠው ወንበሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተናጋሪ ስትሆን ትልልቅ ጥንድና አስ ከኪንግ ጋር ካልሆነ በቀር ጣል፤ ወደ ምልክቱ በቀረብክ ቁጥር እጅህን ፈታ አድርግ።

«ምናምንቴ ይዘው ይበሉኛል» ላልከው መልሱም ከዚሁ ይወጣል። ጥንድ ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ይዞ የገባ ሰው፣ ሦስቱ ሲገለጡ ከሦስት ጊዜ ሁለቴ ምንም አያገኝም። ያ ደፋር ጓደኛህም አያገኝም። ግን አንተ ቀድመህ «አልፌያለሁ» ስትል ይሰማሃል። ባዶ መሆንህን በገዛ አፍህ ነገርከው! ብር ይቆልላል፣ አንተ ትጥላለህ፣ እሱ ይሰበስባል። ካርታውን ማየት እንኳን አላስፈለገውም።

የተጋነነ ይመስላል? በ2007 እ.ኤ.አ. አንዲት የ18 ዓመት የኖርዌይ ወጣት፣ 180 ሰው የገባበትን የኢንተርኔት ውድድር ካርታዋን ሸፍና ተጫውታ አሸንፋለች። የራሷን ካርታ ያየችው አንዴ ብቻ ነበር። የመቀመጫ ቦታና ሌሎቹን መከታተል ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማሳየት ነው ያደረገችው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ለንደን በተካሄደው የአውሮፓ ታላቅ የፖከር ውድድር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደች። አደራህን ግን ቅዳሜ ካርታህን ሸፍነህ እንዳትጫወት! እሷ እሷ ናት።

ብላይንድ ላይ ስትሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ብሬ እኮ እዚያ ነው» እያለ ገንዘቡን ተከትሎ የሚገባ ሰው ብዙ ነው። ብሩ ካስቀመጥከው በኋላ ያንተ አይደለም፣ የጠረጴዛው ነው። ጎበዝ የሚባሉት ተጫዋቾች እንኳ ከእነዚያ ሁለት ወንበሮች በጊዜ ብዛት ይከስራሉ፤ ጥበባቸው ትንሽ መክሰሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ በሩ ወንበር እንመለስ። ምልክቱ ስለሚዞር ሁሉም በተራው መጀመሪያም መጨረሻም ይሆናል። የማይዞረው ጎረቤትህ ነው። በግራህ ያለው ሰው ከአንድ ሁለት ተራ በቀር ሁሌም ካንተ በኋላ ይናገራል። ያ ደፋር ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ከኋላህ ሆኖ ሲሰማህ ከርሟል! መቀመጥ ያለብህ እሱ በቀኝህ እንዲሆን ነው፤ ይቆልልና አንተ አይተህ ትወስን። ያ ዝምተኛው ደግሞ በግራህ ቢሆን አይጎዳህም። ወንበር ለምን ቀየርክ ካሉህ «ከበሩ ብርድ ይመጣል» በላቸው። ወይም በየሳምንቱ ቦታ በዕጣ ይሁን።

እዚህ ላይ ግን ቁርጡን ልንገርህ። ወንበር የሚሰጥህ ብልጫ ትንሽ ነው፤ የሚታየው በመቶዎች ጨዋታ ነው እንጂ በአንድ ቅዳሜ አይደለም። በአንድ ቅዳሜ ትክክል ተጫውተህም ልትበላ ትችላለህ። የተበደርከው ብር ደግሞ መቶ ጨዋታ አይጠብቅህም፣ እህትህም አትጠብቅህም። የእሷን ብር ከደመወዝህ ቀንሰህ መልስ። «አሸንፌ እመልስላታለሁ» የሚል ሐሳብ ካለህ ይሄን ጽሑፍ ጭራሽ እንዳላነበብከው ቁጠረው።

እስክትከፍላትም ድረስ ጓደኞችህን በሽምብራ እንጫወት በላቸው። ቦታ ለመማር ሽምብራና ብር ልዩነት የላቸውም። ደፋሩ ይስቅብህ ይሆናል፣ ይሳቅ። ሽምብራው ብቻ የተቆላ አይሁን፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ መያዣው ሁሉ ተበልቶ ያልቃል።

ሳምንት እንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱ!