ከቺን ሥርወ መንግሥት እስከ ቢዩፈርድ ሃይዌይ

ቻይና በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር የተጠቃለለችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ነው። ጠቅላዩ የቺን ሥርወ መንግሥት 15 ዓመት ገደማ ብቻ ቆየ፤ ሥርዓቱን የወረሰው ሃን ግን ወደ 400 ዓመት ገዛ። ታንግ፣ ሶንግ፣ ዩዋንና ሚንግ ተከታተሉ። የመጨረሻው ቺንግ በ1912 ወደቀ፤ በ1949 ማኦ ሕዝባዊ ሪፐብሊኩን አወጀ።

በጆርጂያ ላለችው የብሩክሄቨን ከተማ አንባቢ በይበልጥ የሚቀርበው የቺንግ ዘመን ማብቂያ ነው። ጦርነትና ድህነት ብዙዎችን ከደቡብ ቻይና አሰደደ፤ በ1873 ጆርጂያ የገቡ ቻይናውያን የኦገስታን ቦይ ለማስፋት ቆፈሩ። በ1882 አሜሪካ ለቻይናውያን ሠራተኞች በሯን ዘጋች፤ ሕጉ የተሻረው በ1943 ነው። ዛሬ ብሩክሄቨንን አቋርጦ በሚያልፈው ቢዩፈርድ ሃይዌይ ላይ የሚታዩት የእስያውያን መደብሮች የመጡት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

የኢትዮጵያ ድርሻም አልተዘነጋም። የኢትዮጵያ ጦር የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ ጦርነት ከቻይና ጦር ጋር ተዋግቷል፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1970፣ ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት ጀመሩ። በ1971 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ንጉሠ ነገሥትና አብዮተኛ፣ የዘመኑ እንግዳ ጥምረት!

በዚህ እትም ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።